ሳንመታ ያሸነፍን ሰሞን

ተሸንፎ የተጎዳ ሰው ሞልቷል፤ እሱን ማንም ያዝንለታል። አሸንፎ የተጎዳ ሰው ግን ችግሩን የሚሰማለት አያገኝም። ገና «አሸነፍንና...» ብሎ ሲጀምር ሰሚው «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎት ወደ ሥራው ይሄዳል። ስለዚህ አደራችሁን፣ እስክጨርስ ድረስ እንኳን ደስ ያለህ አትበሉኝ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ እዚሁ ሜልበርን ነው። ዓመቱን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ፀጉሬ ገና እንዳልሸሸ ግን አስታውሳለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ የተደረግኩት በመንፈሳዊነቴ አይደለም፤ የእጅ ጽሕፈቱ ይነበባል ተብሎ ነው። በአዘቦቱ ቀን ዲር ፓርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ፤ እሁድ ደግሞ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ማስታወቂያ አነባለሁ፣ ፈረንጅ ሲመጣ አስተረጉማለሁ።

መጀመሪያ የምናመልከው ካርልተን፣ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት ሕንፃዎች ባንዱ ሥር ባለች የነዋሪዎች ክፍል ነበር። ክፍሏ ከልብስ ማጠቢያው ጋር ግድግዳ ትጋራለች። የእኛ ጸሎት ደግሞ የሹክሹክታ አይደለም። ልብስ ሊያጥቡ የሚመጡት ሰዎች በመጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መስሏቸው ለጥገና ሠራተኛ ይደውሉ ነበር። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው ፈርመው አቤቱታ አስገቡና ክፍሏን ተቀማን። ከዚያ እትዬ አስቴር ሳሎን ገባን። እትዬ አስቴር የጸሎት ቡድናችን መሪ ናቸው፤ ቤታቸው አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ግማሹ ምእመን ሳሎን፣ ሩቡ ኮሪደር፣ የቀረው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። የላይኞቹ ጎረቤቶች ወለላቸውን፣ የታችኞቹ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። እትዬ አስቴር «አብረውን እያጨበጨቡ ነው» እያሉ ያጽናኑን ነበር፤ ስብሰባው ካልቆመ ቤቱን ትለቂያለሽ የሚል ማስጠንቀቂያ እስኪደርሳቸው ድረስ። ያን ቀን እሳቸውም ማጽናናቱን አቆሙ።

ከዚህ ያወጣንን አዳራሽ ያገኙት ጋሼ ላቀው ናቸው። ጋሼ ላቀው ሽማግሌያችንም ሰባኪያችንም ነበሩ። ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ አገር ቤት የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም የነበሩ፣ እዚህ ደግሞ እኔ ባለሁበት መጋዘን ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዱ ሰው ናቸው። ከረባት ሳያስሩ ፎርክሊፍት ላይ አይወጡም። በምሳ ዕረፍት እግራቸውን ሲያፍታቱ፣ ከመጋዘኑ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንድ ሰፊ ሜዳና ጫፉ ላይ አንድ የእንጨት አዳራሽ ያያሉ። በማግሥቱ እኔን ለአስተርጓሚነት ይዘው ሄዱና በሩን አንኳኩ።

የከፈተልን ባሪ የሚባል የቤዝቦል ክለብ ፕሬዚዳንት ነበር። ሰባ ዓመት የሚሆነው፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ አንድ ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ነው። በእሱ ዕድሜ ያለን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት ስለከበደን ያን ዕለት «ጋሼ ባሪ» አልነው፤ እሱም የማዕረግ ስም መሆኑን ሲረዳ ደስ ብሎት ቀረ። እኔ በበኩሌ እሱ ለጋሼ ላቀው የሚወረውረውን አንተታ ሁሉ ወደ አንቱታ እያጠብኩ አቀብል ነበር።

«አዳራሹ እሁድ ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው፤ ውሰዱት» አለ ባሪ። «ገንዘብ አልፈልግም። ዘጠኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

ሜዳው የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ክለቡ ሁለት ቡድን ካላሰለፈ ሜዳው ለሌላ ይሰጣል፤ አዳራሹም ከሜዳው ጋር ይሄዳል። ባሪ ያለው ደግሞ አንድ ቡድን ብቻ ነው። «ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመጨረሻው ዲቪዚዮን ነው» አለ። «ማሸነፍ አይጠበቅባችሁም። ሜዳ ላይ መቆም ብቻ። ሰዎችህ ተጫውተው ያውቃሉ?»

ዘወር ብዬ ለጋሼ ላቀው ተረጎምኩላቸው።

«እውነቱን ንገረው» አሉኝ። «ሲጫወቱትም አይተን አናውቅም፣ ግን እንማራለን በለው።»

አሁን በእኔ ቦታ ሆናችሁ ፍረዱ። ሰውየው አዳራሽ በሁለት እጁ ይዞ እየሰጠን፣ እኔ ደግሞ «ጨዋታህን አይተነውም አናውቅም» ብዬ ፊቱን ላጥቁረው? ይሉኝታ ያዘኝ። «በደንብ ይችላሉ» አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ወዲያው ፎርም አወጣ። «የተጫዋቾች ልምድ» የሚል ቦታ ነበረበት፤ «ልምድ ያላቸው» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ጀርባው ላይ ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። አላነበብኩትም። የፎርም ጀርባ የሚያነብ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ።

አዳራሹን ለማጽዳት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ምንጣፉ የሃያ ዓመት ቢራ ጠጥቷል። ሴቶቹ በሳሙና ፈትገው፣ በሽቶ ረጭተው፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን የቢራ ማስታወቂያዎች በነጭ አንሶላ ሸፈኑ። ሙቀት ሲሆን ሽታው መልሶ ይመጣል፤ ነገር ግን መስኮት ይከፈታል፣ ከላይም ከታችም የሚደበድብ የለም። የመጀመሪያው እሁድ እትዬ አስቴር መሐል ወለሉ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉና ምንም እንዳልነኩ ሲያዩ አለቀሱ። በዚያ ቀን ለዚህ አዳራሽ ስል ማንኛውንም ነገር እንደምጫወት ወሰንኩ። ሩጫም ቢሆን።

ዘጠኙ ሰው የተመረጠው በችሎታ አይደለም፤ ቅዳሜ ሺፍት የሌለው ሁሉ ተጫዋች ሆነ። ጋሼ ላቀው በምሳሌነት መቅደም አለብኝ ብለው ገቡ። ኪቦርድ የሚጫወተው ገባ፣ ከበሮ የሚመታው ገባ፣ እኔ ገባሁ። እውነተኛ ሰው ያገኘነው በቶሎሳ ብቻ ነው። ቶሎሳ የነቀምቴ ልጅ ነው፤ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ስለሆነ ከእኛ የተሻለ ሥርዓት ጠብቆ፣ ከእኛ በጣም ባነሰ መጠን ይናገራል። ዌሪቢ አትክልት እርሻ ላይ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የተቆረጠ ጎመን ከመሬት እያነሳ ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ላይ ይወረውራል። ባሪ ኳሱን ሲሰጠው በመዳፉ ሁለት ጊዜ መዘነና «ከጎመን ይቀላል» አለ። ከዚያ ወረወረው። ኳሱን የተቀበለው ባሪ ጓንቱን አውልቆ ጣቶቹን ቆጠረ።

የቀረነውን ስምንት ሰዎች በተመለከተ ብዙ ባልናገር እመርጣለሁ። ጓንት የሚጠለቀው በማይወረውሩበት እጅ መሆኑን ለመቀበል አንድ ሳምንት ወሰደብን። ዱላው ላይ ግን ምንም ሳምንት አልበቃንም። ባሪ «ምቱ! ምቱ እንጂ!» እያለ ጉሮሮው ደረቀ።

አሁን ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ሁለት ነገር ልንገር፤ ሌላውን እኔም አላውቀውም። ወርዋሪው ኳሱን ከጉልበትህ እስከ ደረትህ ባለው ልክ ማሳለፍ አለበት። በልኩ ሦስት ጊዜ ካሳለፈና ካልመታህ ወጣህ። ከልኩ ውጪ አራት ጊዜ ከጣለ ግን ዱላህን አስቀምጠህ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ትሄዳለህ፤ ቤዝ ማለት ሜዳውን ስትዞር የምትቆምበት ማረፊያ ነው፣ ሦስት አሉ። ቤዞቹ ሁሉ ከሞሉ ደግሞ አንተ በነጻ ስትሄድ ፊተኛው ተገፍቶ ወደ ተነሳበት ወደ ዱላው ቦታ ይመለሳል፣ ቤት ይገባል ይሉታል፤ ነጥብ ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ቅዳሜ፣ ዱላ ይዤ መጀመሪያ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ድፎ ዳቦ ይዘው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ተጋጣሚዎቻችን ብርቱካንማ ለብሰዋል፤ ወርዋሪያቸው ሆዱ ቀበቶውን የሸፈነ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። የመጀመሪያው ኳስ መጣ። ልምታው አልኩና፣ ብስተውስ አልኩ። በዱላ አየር ቀዝፌ፣ ዞሬ፣ በእትዬ አስቴርና በመዘምራኑ ሁሉ ፊት ብወድቅስ? ሳይመቱ መቆም ቢያንስ የጨዋ ሰው መልክ አለው። ስለዚህ ቆምኩ። ኳሱ በአናቴ አለፈ። ሁለተኛው መሬት ነካ። ሦስተኛው ዳኛውን መታው። አራተኛው የት እንደሄደ እስካሁን አላወቅሁም። «ሂድ» ተባልኩ፤ ሄድኩ።

ከእኔ ቀጥሎ ኪቦርዱ መጣ፤ እሱም እኔን አይቶ ቆመ። ከበሮውም ቆመ። ጋሼ ላቀው ከረባታቸውን በሸሚዛቸው ውስጥ ከትተው፣ ዱላውን እንደ ከዘራ ተመርኩዘው ቆሙ። ዝም አይነቅዝም። በመጨረሻው ዲቪዚዮን የሚወረውር ሰው ኳስ በልኩ ማሳለፍ ቢችል ኖሮ መጨረሻው ዲቪዚዮን ውስጥ ምን ይሠራል? አንድ በአንድ በነጻ ሄድን፣ አንድ በአንድ ቤት ገባን። በሌላው በኩል ወርዋሪያችን ቶሎሳ የእነሱን ሰዎች እንደ ጎመን አንድ በአንድ ጫናቸው። ዱላችን ኳስ ሳይነካ አሸነፍን።

ባሪ ከራሱ ላይ የወደቀውን ኮፍያ እንኳ አላነሳም። «እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም!» አለ። «መጥፎ ኳስ አንዱንም አልነኩም! እንዲህ ያለ ትዕግሥት!» ትዕግሥት ሳይሆን ይሉኝታ መሆኑን ልነግረው አስቤ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ድክመታችን ታየ። እኔ የምቆመው ኳስ እምብዛም የማይደርስበት የሜዳ ጥግ ላይ ነበር፤ ከፊቴ ጋሼ ላቀው አሉ። ከፍ ብሎ የተመታ ኳስ መሐላችን ላይ ሊወርድ መጣ።

«ይያዙ፣ ጋሼ!» አልኩ።

«አንተ ያዝ፣ ልጄ!»

«ኧረ እርስዎ እያሉ!»

«በሞቴ!»

ኳሱ መሐላችን አረፈ። ባሪ ምን ተባባላችሁ ሲለኝ ምን ብዬ ልተርጉምለት? በዚያው ቀን ግን ይኸው ጨዋነታችን ጠቀመን። ኳስ ከተቀባያቸው አምልጦ ሩቅ ሲንከባለል፣ ቤዝ ላይ ያለነው ሁሉ መሮጥ ጀመርን። ከፊት ጋሼ ላቀው አሉ፤ የሚሮጡት ዘመድ ሊቀበል አውሮፕላን ማረፊያ እንደሄደ ሰው፣ ፈጠን ባለ እርምጃ ነው። ከኋላቸው ኪቦርዱና እኔ ደረስንና ማለፍ ነውር ስለሆነብን፣ ሰልፍ ይዘን ተከተልናቸው። ኋላ ዳኛው እኛን አመስግኖ ለባሪ እንደነገረው፣ ከፊት ያለውን ሯጭ የሚያልፍ ሰው በሕጉ ይወጣል፤ የዚህ ዲቪዚዮን ሰው ሁሉ ይህን እየረሳ ያበሳጨዋል። ጋሼ ላቀው ይህን ስተረጉምላቸው በጣም ተደሰቱ። «ይህን ጨዋታ ያወጣው ሰው አሳዳጊ ነበረው» አሉ።

ሦስተኛውንም አሸነፍን። አራተኛውንም። በየቤቱ በነጻ የሚወረወረው የሰፈር ጋዜጣ በጀርባ ገጹ «በውድድሩ መጀመሪያ ሰውን ሁሉ ያስደነቀ ቡድን አለን» ብሎ ስለ እኛ ጻፈ። ጋዜጠኛዋ ስልክ ደውላ ምስጢራችሁ ምንድን ነው ስትለኝ «ትዕግሥት» አልኳት፤ እሷም እንደ ወረደ ጻፈችው። ባሪ ገጹን ቆርጦ፣ ከእኔ ዕድሜ በፊት ከተገኙት ዋንጫዎች አጠገብ ለጠፈው። ክለቡ እንዲህ አከታትሎ ካሸነፈ ሃያ ዓመት አልፎታል አለኝና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። በቤተ ክርስቲያንም ምስክርነት ስጥ ተባልኩ። ወጥቼ «ጌታ አራት ጊዜ አሳለፈን» ብዬ ተቀመጥኩ። እልልታው ለአምስተኛው ጭምር ነበር።

አምስተኛው ሲቀርብ ነው ደብዳቤው የመጣው። በጸሐፊነቴ ለእኔ ነው የተላከልኝ። በመጋዘኑ የሻይ ዕረፍት ላይ ከፍቼ አነበብኩና ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ጋሼ ላቀው ሳንድዊቻቸውን እየበሉ አዩኝ።

«ምን ይላል?»

«አምስተኛውን ካሸነፍን ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ያሳድጉናል።»

«እሰየው ነው እንጂ፤ ምን ያጠቁርሃል?»

«ላይኞቹ የሚጫወቱት እሁድ ነው። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር።»

ሳንድዊቹ መንገድ ላይ ቆመ። ከሰባት እስከ አሥር ልክ የአምልኮ ሰዓታችን ነው። ጠዋት እንዳናደርገው ግማሹ ምእመን ከሌሊት ሺፍት ይመጣል፤ ማታ እንዳናደርገው ግማሹ ወደ ሌሊት ሺፍት ይሄዳል። ከዘጠኙ ተጫዋቾች አንዱ ሰባኪው ናቸው፣ አንዱ ኪቦርድ፣ አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ጸሐፊ።

«አናድግም በላቸው» አሉ ጋሼ ላቀው።

«አላድግም ያለ ቡድን ከውድድሩ ይወጣል ይላል። እኛ ከወጣን ሜዳው ይወሰዳል፣ ሜዳው ከተወሰደ አዳራሹም...»

«ይህ ሕግ መቼ ወጣ?»

«ፎርሙ ጀርባ ላይ ነበር።»

«ሁሉንም ቡድን ነው የሚመለከተው?»

«ልምድ ያላቸው ተብለው ተመዝግበው ከታች የጀመሩትን ብቻ ነው።»

«ልምድ እንዳለን ማን ነገራቸው?»

እንግዲህ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። የሠራሁትን አንድም ሳላስቀር ተናዘዝኩ። ጋሼ ላቀው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሳንድዊቹን ሳይጨርሱ ፎርክሊፍቱ ላይ ወጡ። በጣም አፈርኩ።

ለባሪ ነገርኩት። ይገባዋል ብዬ ነበር። «እሁድ!» ብሎ ዘለለ፤ በዚያ ጉልበቱ። «ሁለተኛ ዲቪዚዮን! ችግር የለም፣ ሴቶቹ ይጸልያሉ፣ እናንተ ትጫወታላችሁ።» ደስታው እንደዚያ ሆኖ ሳለ ምን ልበለው? «በጣም ጥሩ» አልኩት። ከዚህ በፊት ያለፈው ሁሉ እንዳላስተማረኝ ታያላችሁ።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ዘጠኛችንም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። አንዱ «እንሸነፋ፣ ቀላል ነው» አለ። ጋሼ ላቀው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አውቆ መሸነፍ ውሸት ነው» አሉ። «በአፍ ተዋሸ በዱላ፣ ልዩነት የለውም። በውሸት ያገኘነውን አዳራሽ በሌላ ውሸት አናስቀረውም።» ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም፤ አለማየታቸውን ግን እኔ አየሁት።

በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ቶሎሳ ያደረገው ያኔ ነው።

«ጋሼ ባሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምቱ እያለ ይለምነናል። ብንታዘዘው ኃጢአት አይደለም። እንምታ። ከመታን እንስታለን። ከሳትን እንሸነፋለን።»

ጋሼ ላቀው እንደ መዝገብ ሹም አገላብጠው መረመሩት። ውሸት አጡበት። ከአንደኛው እስከ ዘጠነኛው፣ የመጣውን ኳስ ሁሉ በሙሉ ልባችን እንድንመታ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤ ያዝኩ።

የማናውቀው ነገር ቢኖር ተጋጣሚዎቻችንም ጋዜጣ ማንበባቸውን ነው። እነዚህ ሰዎች አይመቱም፣ ቆመው ነው የሚያሸንፉት የሚለውን በሚገባ አጥንተዋል። መፍትሔም አግኝተዋል። በጡረታ ላይ ያለ አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ፈልገው አመጡ፤ ፍጥነት የለውም፣ ነገር ግን ኳሱን በእርጋታ፣ ሎሚ ለሕፃን እንደሚያቀብል ሰው፣ መሐል ለመሐል ያሳልፋል። ለማይመታ ቡድን እንዲህ ያለ ወርዋሪ ሞት ነው። ዛሬ ብቻ ለመምታት ለቆረጠ ቡድን ግን ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት።

ዓይኔን ጨፍኜ ዱላውን ሰነዘርኩ። እጄ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ዓይኔን ስከፍት ኳሱ የለም፤ ባሪ «ሩጥ!» እያለ ይጮሃል። ኪቦርዱም መታ። ከበሮውማ ሥራው ነው። ጋሼ ላቀው ሳይቀሩ መቱና ውጤቱን አይተው «ይቅርታ» አሉ፣ ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እትዬ አስቴር አግዳሚው ላይ ተንበርክከው «አቤቱ፣ ፈቃድህ ይሁን» እያሉ ይጸልያሉ፤ ፈቃዱ የት ላይ እንዲሆን እንደሚፈልጉ ድምፃቸው ይናገር ነበር።

ደግነቱ እነሱም መቱ። ኳስ በወደቀበት ሁሉ «አንተ ያዝ፣ እሱ ይያዝ» ስንባባል ነጥብ ሰበሰቡ። የመጨረሻው ዙር መጨረሻ ላይ በአንድ ነጥብ እንመራለን፤ የሚመቱት እነሱ ናቸው፤ ሁለት ሰዎቻቸው ወጥተዋል፣ ሁለት ሰዎቻቸው ቤዝ ላይ ናቸው። የመቱትን አንድ ኳስ መሬት ሳይነካ ብንይዝ ሦስተኛው ሰው ይወጣና አበቃ። አንድ ኳስ ብንስት ሁለቱም ገብተው እንሸነፋለን፣ እሁዳችንም ይተርፍልናል።

አስተማሪው ራሱ መታው። ወደ ላይ፣ በጣም ወደ ላይ። ቀና ብዬ ሳየው ቀጥ ብሎ እየወረደ ያለው በእኔና በጋሼ ላቀው መካከል ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዓይን ያወጣ ውሸት አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው አስተዳደጋችን ብቻ ነው።

«ይያዙ፣ ጋሼ!» አልኩ፣ በፍጹም አክብሮት።

«አንተ ያዝ፣ ልጄ...» ብለው ጀመሩ።

«ኧረ እርስዎ እያሉ!»

ቀጥሎ የሚመጣው «በሞቴ» ነበር። አልመጣም። ጋሼ ላቀው ኳሱን እያዩ ነው፤ አፋቸው ተከፍቷል፤ ፊታቸው ላይ አይቼው የማላውቅ ነገር አየሁ። ጎረምሳ ሆነዋል። ሽቅብ ዘለሉ፣ በትከሻቸው ገፍተው እኔን መሬት ጣሉኝ፣ ኳሱን በጓንታቸው ቀለቡት። ከዚያም እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው «ያዝኩት! ያዝኩት!» እያሉ ከረባታቸው በጀርባቸው እየተውለበለበ ሜዳውን ዞሩ። ባሪ እያነከሰ ወጥቶ አቀፋቸው። ከሴቶቹ ወገን አንዲት እንኳ እልል አላለችም። ጋሼ ላቀው ያን ጊዜ ነው የቆሙት። ጓንታቸውን ከፍተው ኳሱን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«መዝለሌን አላወቅሁም» አሉኝ።

እንግዲህ አደግን። በላይኛው ዲቪዚዮን ወርዋሪዎቹ ኳሱን የፈለጉበት ያስቀምጡታል። ብንቆም ሦስት ኳስ፣ ብንመታ ሦስት ኳስ፣ ከዚያ መውጣት ነው። የመጀመሪያው እሁድ በሰባት ሰዓት፣ ምእመኑ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ በአዳራሹ በር ሲገባ፣ እኛ ዘጠኝ ሰዎች ጓንት ይዘን በሌላው በር ወጣን። የእኔ ጥግ በአዳራሹ መስኮት በኩል ነው። መዝሙሩ ይሰማኛል፤ ያለ ኪቦርድ፣ በጭብጨባ ብቻ። ቀጥሎ የእትዬ አስቴር ድምፅ መጣ። ሰባኪ ስለጠፋ የሰበኩት እሳቸው ናቸው። ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማል። ኳስ በአጠገቤ አለፈ፤ አልሄድኩበትም። ለብዙ ቀን ካርቶን ስደረድር የምኖርላት ሰዓት ያቺ ነበረች፣ ከእሷ ደግሞ ሃያ እርምጃ ርቄ ኮፍያ አድርጌ ቆሜአለሁ። ከፋኝ።

ከሰባተኛው ዙር በኋላ ዕረፍት ስንወጣ ባሪ አግዳሚያችን ላይ አልነበረም። ሲመጣ ከአዳራሹ ነው የመጣው፤ በእጁ ትልቅ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ይዟል፣ ኮፍያውን አውልቋል። ዳቦው ሸትቶት እንደገባና ወንበር እንደሰጡት፣ ወጥቶ መሄድ ደግሞ እንደከበደው ነገረኝ። ይሉኝታ ይጋባል ማለት ነው።

ጋሼ ላቀው አጠገቤ ተቀምጠው ከጫማቸው ላይ ጭቃ እየፋቁ ነበር። «ምን ተሰበከ? ጠይቅልኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ጠየቅሁት። ባሪ ዳቦውን ማኘክ አቆመ።

«አንድ ቃል አልገባኝም» አለ። «ግን አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና ስትናገር... ሚስቴ ከሞተች ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር።»

ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳላለዝብ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ወረደ ተረጎምኩ። ጋሼ ላቀው ጭቃ መፋቃቸውን ተዉ። ወደ አዳራሹ መስኮት ረጅም ጊዜ አዩ። ለዓመታት ሰብከዋል፤ ቃሉ ያልገባውን ሰው ግን አስለቅሰው አያውቁም።

«ስንት ዙር ቀረን?» አሉኝ።

«ሁለት።»

ጓንታቸውን አንስተው ተነሡ።

«ቶሎ ብለን እንሸነፍና እንግባ» አሉ።